ብርድ የመታቸው የአህይት ዓሦች

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ አህያ መብላትን በአዋጅ በከለከለበት ዘመን፣ ጭነት ያንገሸገሻት አንዲት አሮጊት አህያ በደጋ ተራራ ወገብ ላይ ጎጆ ቀልሳ ትኖር ነበር። አዋጁ ለአህያ ታዝኖ የወጣ እንዳይመስላችሁ። አንበሳ እህልና ጨው የሚያመላልስለት ጀርባ ስላነሰበት ነው። አህይትም የእሱን ጭነት አሥራ ሁለት ዓመት ተሸክማ፣ ጀርባዋ ተገጣጥቦ አላነሣ ሲላት፣ «ራስሽን መመገብ ከቻልሽ ነፃ ነሽ፤ ካልቻልሽ ግን ግቢዬ ድርቆሽም አለ፣ ጭነትም አለ» ተብላ ተሰናበተች።

ራሷን መመገብ ቻለች። ያውም በዓሣ! አህያ ዓሣ በላች ብላችሁ እንዳታወሩ ብቻ፤ ነገሩ እንዲህ ነው። በመጨረሻው የቆላ ጉዞዋ፣ ከአንበሳ ጨው ጎን አንዲት እንስራ አንጠልጥላ፣ ቆሮሶ የሚባሉ ሃያ አንድ ግልገል ዓሦችን ከቆላው ሐይቅ ከነውኃው ይዛ ወጣች። በሕይወቷ ወድዳ የተሸከመችው ጭነት ያ ብቻ ነበር። ከጎጆዋ ደጃፍ በድንጋይና በጭቃ ገንዳ ሠራችላቸው። ከገንዳው ከፍ አድርጋ ደግሞ ጠጠር የሞላበት መደብ አበጀችና ጎመን ተከለችበት።

ከዚያ ወዲያ ሥራዋ ቅል ማመላለስ ሆነ። ዓሦቹ ያቆሸሹትን ውኃ በቅል እየቀዳች ጠጠሩ ላይ ታፈሳለች፤ ጎመኑ ከቆሻሻው ለእሱ የሚጥመውን ይወስዳል፤ የቀረው ውኃ በጠጠሩ መኻል እየተጣራ ተንቆርቁሮ ወደ ገንዳው ይመለሳል። «ዓሦቹ ጎመኑን ያበሉታል፣ ጎመኑ ዓሦቹን ያጥባቸዋል፣ እኔ መኻል ገብቼ እጠግባለሁ፤ ተመስገን ነው!» ትል ነበር። ተመስገን ሳትል ቅል አታነሣም። ዓሦቹም ኮቴዋን ሲሰሙ ከሥር ወጥተው ተሰልፈው ይጠብቋታል፣ ደኅና አደርሽ ይሏታል፣ የኑግ ፋጉሏቸውን ይበላሉ።

የዚያ ዓመት ኅዳር ግን ከወትሮው ከረረ። ጧት ጧት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይነጣል፤ ተራራው ላይ የቀረ ልምላሜ የአህይት ጎመን ብቻ ሆነ። አንድ ቀን አህይት እንደ ልማዷ ፋጉሎዋን ይዛ ብትመጣ፣ የወጣ ዓሣ የለም። ጎንበስ ብላ ብታይ ሁሉም ከሥር ተኝተዋል።

«ምነው ልጆች? ኑ ብሉ እንጂ!»

«በልተናል፤ እግዜር ይስጥልን» አለ ታላቁ ቆሮሶ። ድምፁ ከእንቅልፍ የተቀሰቀሰ ሰው ድምፅ ይመስላል።

«የት በላችሁ? አፍራችሁ ነው!»

«የለም፣ በእውነት በቃን።»

እንግዲህ በአህይት አገር እንግዳ አንዴ «በቃኝ» ቢል ማንም አይሰማውም። ሁለቴ ቢል ደኅና አስተዳደግ ያደገ ነው ይባላል። ሦስቴ ቢል «ምነው፣ ጠላኸን እንዴ?» ተብሎ ያጎርሱታል። አህይትም በዚሁ ሥርዓት ያደገች ናትና በረዳቸው ብላ አሰበች፤ የበረደው ደግሞ መብላት አለበት ብላ ደመደመች። ፋጉሎውን እጥፍ አድርጋ በተነችላቸው።

«በሞቴ! አፈር ስሆን! ለእኔ ብላችሁ!»

በሞቴ ተብሎ እምቢ ማለት ነውር ነው። ዓሦቹም በእሷ ቤት ያደጉ ናቸውና ከይሉኝታ አላመለጡም። እየተንፏቀቁ መጥተው አንዳንድ ፍርፋሪ አነሡ። መዋጥ ግን አቃታቸው፤ ዞር ስትልላቸው ቀስ ብለው ተፉት። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን የተተፋውና ያልተነካው ፋጉሎ ከሥር በስብሶ ውኃውን አደፈረሰው። ገንዳው ሸተተ። ጎመኑም ዳር ዳሩን ቢጫ ሆነ።

አህይት ደነገጠች። ውኃውን ላጥራ ብላ ገና ዶሮ ሳይወርድ ተነሥታ መቶ ቅል ጠጠሩ ላይ አፈሰሰች። ትጋቷ የሚያስመሰግን ነበር፤ ችግሩ ጠጠሩ ሌሊቱን ሙሉ ውርጭ ሲጠጣ ማደሩ ነው። ያፈሰሰችው ውኃ ሁሉ በጠጠሩ ላይ ቀዝቅዞ ወደ ዓሦቹ ተመለሰ። ፀሐይ ስትወጣ ሁለት ቆሮሶዎች በጎናቸው ተንሳፍፈው አገኘች። አህይት አለቀሰች። አሥራ ሁለት ዓመት ስትገረፍ እንዲያ አላለቀሰችም።

ለቅሶዋን ሰምተው ጎረቤቶቿ አያ ጅቦና እመት ቀበሮ ሊያጽናኗት መጡ። አያ ጅቦ ገንዳውን እያየ ምራቁን ዋጥ አደረገ።

«ነፍስ ይማር። የሞቱት የት አሉ?»

«ቀበርኳቸው።»

«ቀበርሻቸው!» አለና ከአህይት ይልቅ እሱ አዘነ። «በይ ስለ ቀሩት ምክር ልስጥሽ። ከገንዳው ሥር እሳት አንድጂ። ሽንኩርት ጣል፣ ሚጥሚጣ ነስነስ አድርጊበት፤ ሚጥሚጣ ያሞቃል። ሲፈላ እኔ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ አያሳስብሽ።»

እመት ቀበሮ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ወደ አህይት ዞራም በለሰለሰ ድምፅ፣ «አይ እህቴ፣ የእሱን ተዪው» አለች። «የእኔን ጉድጓድ ታውቂው የለም? እስከ ዛሬ ውርጭ ደፍሮት አያውቅም። ብርዱ እስኪያልፍ ስጪኝና ላስታምማቸው። እኔ ቤት ገብቶ በረደኝ ያለ ፍጡር አልሰማሁም።»

ይህ እንኳ እውነት ነበር። ጨንቋት የሚያዝ የሚጨበጥ ያጣችው አህይት ምን ታድርግ? ዓሦቹ ቢያልቁ ጎመኑ ያልቃል፤ ጎመኑ ቢያልቅ የቀራት የአንበሳ ግቢ ነው። የዚያን ጊዜ ያ የተገጣጠበ ጀርባ እንደ ገና ኮርቻ ሊጫንበት ነው።

«እሺ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ነገ ቀትር ላይ መጥተሽ ውሰጃቸው። በአደራ ነው።»

«በአደራ ነው!» አለች እመት ቀበሮ።

ቁልቁል ሲወርዱ ወደ አያ ጅቦ ጠጋ አለችና፣ «ነገ ትልቅ እንስራ ይዘህ ና። እኔን ወገቤን ያመኛል፤ የምትሸከመው አንተ ነህ። ግማሹ የአንተ ነው» አለችው።

«ግማሹ ከሙሉው ይበልጣል?»

«ለብልህ ይበልጣል።»

አያ ጅቦ ብልህ መባሉ ደስ አሰኝቶት እየዘለለ ሄደ።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ አባ ኤሊ ከጎጆው ጀርባ እየተንፏቀቁ መጡ። የወደቀች የጎመን ቅጠል ለቅመው ቁርሳቸውን መብላት ልማዳቸው ነው። አህይት እንግዳ አክብራ ተነሣችላቸውና ጉዱን ሁሉ ነገረቻቸው። ብርዱን፣ ፋጉሎውን፣ የመቶ ቅሉን ልፋት፣ የእመት ቀበሮን ደግነት፣ አንዱንም አላስቀረችም። አባ ኤሊ ቅጠላቸውን አላምጠው ዋጡና ጠየቋት።

«ልጄ፣ እኔ ከመኝታዬ የምነሣው በስንት ሰዓት ነው?»

«በአራት ሰዓት ነዋ። ሌላው ገበያ ደርሶ ሲመለስ።»

«ሰነፍ ነኝ ማለት ነው?»

«ኧረ እኔ እንዲያ አልወጣኝም! መንደሩ ነው እንጂ የሚለው።»

አባ ኤሊ ሳቅ አሉ። «አየሽ፣ የአንቺ እሳት ያለው ሆድሽ ውስጥ ነው። ስትበይ ይነድዳል። ለዚህ ነው የበረደው ሁሉ ቢበላ የሚሞቀው የሚመስልሽ። የእኔና የዓሦችሽ እሳት ግን ያለው ከውጭ ነው። ፀሐይ ካልነካችኝ እግሬ አይታዘዝልኝም፤ ሆዴም አይፈጭልኝም። በርዶኝ ሳለ በግድ ብታበይኝ እህሉ ሆዴ ውስጥ እንዳለ ይበሰብሳል።»

አህይት ጆሮዋ ወደቀ። «ታዲያ ምነው አልነገሩኝ?»

«በቃን ብለው ነገሩሽ እንጂ።»

«እኔ እኮ ይሉኝታ መስሎኝ…» አለች። በደግነት ገድላቸው እንደ ነበር ገባት። ቀጥሎም የቀትሩ ቀጠሮ ትዝ አላት። «እንግዲያስ ለእመት ቀበሮ መስጠቴ ይሻላል። እሷ ቤት ይሞቃል።»

«እሷ ቤት የገባ ሲወጣ አይተሻል?»

አህይት አሰበች። ብዙ አሰበች። የገቡትን ስታስታውስ ዶሮም ነበረች፣ ጅግራም ነበረች፣ አንድ የዋህ ጥንቸልም ነበር። የወጣ ግን አንድም ትዝ አላላትም።

«ወይ ጉዴ!» አለች።

አባ ኤሊ አንገታቸውን ወደ ቅርፊታቸው ሳብ አደረጉ። ሽማግሌ ሲያፍር እንዲህ ያደርጋል። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትስቂብኝ። ከጎጆሽ ጀርባ ያለው የፋንድያሽ ክምር አለ አይደል?»

የአህይት ፊት ጋለ። ያ ክምር የኀፍረቷ ምንጭ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ሰሌን የምትጋርድበት ነበር። «ዛሬ ነገ አስጠርገዋለሁ ስል…»

«ኧረ እንዳትነኪው! ሦስት ዓመት ሙሉ ብርዱን ያለፍኩት እሱ ሥር ተኝቼ ነው። ላዩ አመዳይ ሲለብስ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። እሳት የለው፣ ጭስ የለው፣ ራሱን በራሱ ያሞቃል። ከሕያዋን ቁጥር ያለሁት በእሱ ነው። ቀድሞ ማመስገን ነበረብኝ፤ ግን ‹ስለ ፋንድያሽ እግዜር ይስጥልኝ› ተብሎ በምን አፍ ይነገራል? ደኅና ቃል ስፈልግ ሦስት ዓመት አለፈ።»

አህይት በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ ተራራው ሁሉ ይሰማል። አባ ኤሊም ሳቁ። ሲስቁ ቆይተው ምክሩ እንዲህ ተቋጨ። ትኩሱ ፍግ ከገለባ ጋር ተቀላቅሎ የገንዳውን ግድግዳ በውጭ በኩል እስከ አፉ ድረስ ይከብበዋል፤ አንዲት ፍሬ እንኳ ወደ ውኃው እንዳትገባ። ማታ ማታ ገንዳው የሣር ክዳን ይለብሳል፤ ዓሦቹ እንዳይታፈኑ በአንድ ጎን ቀዳዳ ይተውለታል። ቅሉ ፀሐይ ጠጠሩን ሳታሞቀው አይነሣም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይሰቀላል። ፋጉሎ ደግሞ ዓሦቹ ራሳቸው እስኪጠይቁ ድረስ ጭራሽ የለም።

ምክሩ መልካም ነበር። ግን ያንን ሁሉ ፍግ ማን ይዝቀው? አባ ኤሊ ከክምሩ ገንዳው እስኪደርሱ ፀሐይ ትጠልቃለች። አህይት ብቻዋን ብትይዘው ደግሞ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ውርጩ ሁለት ቀን አይጠብቅም።

ይህንን ሲያወጡ ሲያወርዱ አያ ጅቦ ትልቅ እንስራ በትከሻው ይዞ ብቅ አለ። ቀጠሮው ቀትር ቢሆንም ሆዱ ከቀትር ቀድሞ አምጥቶታል። አህይት ስታየው ሊረዳት የመጣ መሰላት። እየሮጠች ሄደች።

«እግዜር ይስጥህ አያ ጅቦ! ዕድሜ ይስጥህ! ማጋዣም ይዘህ መጣህልኝ! ከክፉ ይሰውርህ፣ የወለድከው ይባረክ!»

አያ ጅቦ ማን እንደተመረቀ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ። ማንም የለም። ከተወለደ ጀምሮ የሰማው «ጥፋ!» እና «ወግድ!» ብቻ ነበር። እናቱ እንኳ ስታጠባው «ቀስ በል፣ ነከስከኝ!» ነው ያለችው።

«እኔን ነው?»

«ሌላ ማን አለና!»

«እስኪ ድገሚው።»

ደገመችለት። አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። እንዲህ ያለ ነገር ቀምሶ አያውቅም። ለምን እንደመጣ እንኳ ዘነጋው፤ ለነገሩ እሱ ብዙ የሚይዝ ጭንቅላት አልነበረውም።

«ሌላም እንዲባልልኝ ምን ላድርግ?» አለ።

አያ ጅቦ የመጣበት ጉዳይ ለአባ ኤሊ ገብቷቸው ነበር። ግን በአንገታቸው ወደ ክምሩ አመለከቱት። በመቆፈርስ ከጅብ ጥፍር ማን ይበልጣል! ለአባ ኤሊ መኝታ የሚበቃ ብቻ አስቀርቶ፣ የቀረውን ዝቆ በእንስራው እየሞላ አጋዘው፤ አህይት ገለባውን እየቀላቀለች ከገንዳው ግድግዳ ጋር ደለደለችው። እንስራውን ባራገፈ ቁጥር «እግዜር ይስጥህ» ትለዋለች። ከልቧ ነበር፤ አንዱንም እንደ ነገሩ አላለችውም። አያ ጅቦም ባመሰገነችው ቁጥር ሮጦ ይመለሳል። ስግብግብነቱ አልተለወጠም፤ የሚስገበገብለት ነገር ብቻ ተለወጠ።

ቀትር ላይ እመት ቀበሮ ተኳኩላ ደረሰች። ገንዳው እስከ አፉ በሚተን ፍግ ተከብቧል፤ ባልንጀራዋ እስከ ጆሮው በፋንድያ ተለውሷል።

«አንተ! ምን እየሠራህ ነው?» አለችው በሹክሹክታ።

«እየተመሰገንኩ ነው።»

«ዓሦቹስ? ግማሹስ?»

«ዓሣ አንዴ ተውጦ ያልቃል» አለ አያ ጅቦ፤ በዕድሜው ያሰባት ትልቋ ሐሳብ ይቺ ነበረች። «ይህ ግን በመጣሁ ቁጥር አዲስ ይወጣልኛል። አንዷን ዓሣ ብትነኪ በዚህ እንስራ አናትሽን ነው የምልሽ።»

እመት ቀበሮ እንስራውን አየች፣ ክንዱን አየች። «ኧረ እኔ ልጠይቃት ብቻ ነው የመጣሁት!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። አህይትም ለእሷም «ስለ አሳቢነትሽ እግዜር ይስጥልኝ፤ እዚሁ ቢሞቁ ይሻላል» አለቻት። እመት ቀበሮ ያላገኘችውን ያልፈለገች መስላ፣ ጅራቷን ሰብሰብ አድርጋ ቁልቁል ወረደች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ረጅም ነበር። ብርዱ ጭራሽ ባሰበት። አያ ጅቦ በየቀኑ የአንበሳ ጭነት አህዮች ከሚያልፉበት የቅፍለት መንገድ ትኩስ ፋንድያ እየለቀመ ያመጣል፤ ምስጋናውን ተቀብሎ ይሄዳል። አህይትም ቅሏን በሰዓቱ አንሥታ በሰዓቱ ትሰቅላለች። ከሁሉ የከበዳት ግን አለማብላት ነበር። የፋጉሎውን ከረጢት ስታይ ሆዷ ይባባል። «አንዲት ቁንጥር ብቻ» ትልና ትነሣለች፤ «በቃን ብለውኛል» ትልና ትቀመጣለች። እንግዳን ያለ ምግብ ማስተኛት ለእሷ ከአንበሳ ጭነት ይከብድ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ጧት ከተራራው ሥር በሚወርደው ወንዝ ዳር ያለው ውኃ እንደ መስተዋት ጸንቶ ተገኘ። እንዲህ ያለ ውርጭ ሽማግሌዎችም አላዩም ተባለ። የአያ ጅቦ ጢም ነጭ ሆኖ መጣ፤ አባ ኤሊ ከክምራቸው አልወጡም። አህይት ከገንዳው አጠገብ ቆማ ፀሐይዋን ጠበቀች። አራት ሰዓት ሲሆን ጨረሩ ጠጠሩ ላይ ወጣ፤ የሣሩን ክዳንም በጥርሷ ነክሳ ገለጠችው።

ሞቅ ያለ ተን ፊቷን ነካው። ውኃው ጠርቷል። ዓሦቹ ግን ከሥር ናቸው፣ አይንቀሳቀሱም።

«ልጆች?»

አፏን ወደ ውኃው አስጠግታ ደገመች።

«ልጆቼ!»

ከሥር አንድ ጅራት ተነቃነቀ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ታላቁ ቆሮሶ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፣ አሥራ ስምንቱም ተከተሉት። ከሐይቁ ከመጡ ጀምሮ ተናግረውት የማያውቁትን ነገር፣ ያለ ምንም ይሉኝታ፣ ፊት ለፊት ተናገረ።

«አህይት፣ ራበን!»

«ምን አልክ?»

«ራበን እኮ ነው የምልሽ! አምጪ እንጂ!»

አህይት ከገንዳው ጎን በጉልበቷ ወደቀችና እያለቀሰች ሳቀች። ፈጣሪን አመሰገነች፣ ፀሐይን አመሰገነች፣ ክምሩ ድረስ ሄዳ አባ ኤሊን አመሰገነች፣ በዚያው ክምሩንም አመሰገነችው። አያ ጅቦ «እኔስ?» ብሎ ከኋላዋ ተሰልፎ ነበር። የእሱን ረዘም አድርጋ መረቀችው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ «አሜን» ማለት እንደሚገባም ያን ቀን ተማረ።

ከዚያ ከከረጢቱ ጥቂት ቆንጥራ በተነችላቸው። ዓሦቹ ተሻምተው በሉ፣ ዋጡም። አህይትም የቀረውን ይዛ፣ «ልጨምር?» አለች።

«በቃን» አለ ታላቁ ቆሮሶ።

አህይት አፏን ከፈተች። «በሞቴ» ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችውና ከረጢቱን አሰረች። ጎመኑም በሳምንቱ አዲስ ቅጠል አወጣ፤ ያን በጋ ኮርቻ ጀርባዋን ሳይነካው አለፈ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለወዳጅ ከመራራት በፊት ብርዱን ከራሱ አፍ ጠይቀን የነገረንን ማመን እንደሚገባ፣ ምስጋና ደግሞ ሰምቶት ለማያውቅ ጆሮ ሲደርስ ከትኩስ ፍግም አብልጦ እንደሚያሞቅ ነው።